በአርመን አገር የመጨረሻዋ ቀን

በ2017 ዓ.ም. መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ማለዳ፣ የአርመንያ ዋና ከተማ በሆነችው በየሬቫን፣ ባደርንበት ቤት መስኮት ቆመን የአራራትን ተራራ ስንመለከት፣ ወደ አገራችን ለመመለስ የቀረን ጊዜ አንድ መዓልትና የሌሊት እኩሌታ ብቻ ነበር። ባለፉት ሰባት ቀኖች ተራራው በደመናና በጭጋግ እየተሸፈነ በደኅና አላየነውም፤ በዚያች ማለዳ ግን ከግርጌው እስከ ራሱ ጥርት ብሎ፣ በረዶውን እንደ ነጭ ሻሽ ጠምጥሞ ታየን።

ውድ አንባብያን እንደሚያውቁት ይህ ዕለት በአገራችን የሰማዕቷ የቅድስት አርሴማ በዓል የሚከበርበት ነው። እኛም በዚያው ዕለት ሰማዕቷ ደሟን ባፈሰሰችበት ምድር ላይ ተገኝተናል። አስበንበት ያደረግነው ነው ብንል ግን ሐሰት ይሆንብናል፤ የአውሮፕላኑ ትኬት በርከስ ያለ ዋጋ የተገኘው በዚያ ሳምንት ስለ ሆነ ብቻ ነው። በዓሉ ከመጨረሻዋ ቀናችን ጋር መግጠሙን ያስተዋልነው እዚያው ከደረስን በኋላ ነበር።

ያሳደሩን ወዳጆቻችን አርመኖች ናቸው። ወዳጅነታችንም የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. የቤቱ ጌታ የአያቱን መቃብር ፍለጋ አዲስ አበባ መጥቶ ሳለ፣ ፒያሳ ከሚገኘው ከአርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መንገድ በጠየቀን ጊዜ ነው። መንገድ ማሳየቱ ምሳ መብላትን አመጣ፤ ምሳው ደብዳቤ መጻጻፍን አስከተለ። ባልና ሚስት ሆነን እንድንጎበኛቸው ስንት ዓመት ሲለምኑን ቆይተው በመጨረሻ ሄድን።

በዚያ ቤት ከሁሉ ይልቅ የቀረቡን ግን የወዳጃችን እናት ናቸው። እኛም እንደ ልጆች «እማማ» እያልን እንጠራቸዋለን። እማማ የተወለዱት በ1940 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አባታቸው ጫማ ሠሪ ነበሩ። የአርመኖች ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ አርባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጧቸው፣ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሲዘመር የኖረውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደ ደረሱ ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን ሰምተናል። የእማማ አባት ከእነዚያ ከአርባው ልጆች አንዱ አልነበሩም፤ በራሳቸው መንገድ፣ በብዙ ስደት የመጡ ናቸው። እማማም በ1968 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ፣ ከባላቸው ጋር ወደ አርመንያ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም።

አማርኛቸው የዚያን ዘመን አማርኛ እንዳለ ነው። ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ»፣ ሃያ አምስቱን «ስሙኒ» ይላሉ፤ መኪናውን «አውቶሞቢል» ይሉታል። ምስጋናቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ልጃቸው ግን ከአማርኛ የሚያውቀው ሦስት ወይም አራት ቃል ብቻ ስለ ሆነ ከእርሱ ጋር የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ ሳምንቱን ሙሉ በልባችን የተሸከምነውን ነገር ልንናገር ይገባናል። በእማማ ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ በመስተዋት የተለበጠ ትልቅ ፎቶግራፍ አለ። ልጃቸው በ2010 ዓ.ም. ያነሣው ነው፤ ፒያሳ አካባቢ የነበረው የተወለዱበት ቤት፣ ከእንጨት የተሠራ በረንዳው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ በጓሮው የቆመው የኮክ ዛፍ ከጣራው በላይ ታይቶ። እኛም በመጣንበት ሌሊት ገና ካባችንን ሳናወልቅ ወደ ሥዕሉ መርተው አሳዩንና «አሁንስ እንዴት ሆኗል?» አሉን። ቤቱ ግን አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ብዙ ነባር ቤቶች ለልማት ሲነሡ እርሱም ፈርሶ፣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ አይተነዋል። በዚያች ሌሊት «ፒያሳ እጅግ ተለውጧል እማማ» ብለን ነገሩን በዚያው አሳለፍነው። በማግሥቱም ጠየቁን፤ በማግሥቱም አሳለፍነው። ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን በሹክሹክታ እንከራከር ነበር። ከሁለታችን አንዳችን «ሥዕሉ ይበቃቸዋል፤ በእርጅናቸው ለምን እናሳዝናቸዋለን?» ሲል፣ ሌላችን «የሰው ቤት እየበሉ መዋሸት ነውር ነው» ይል ነበር። ሰባት ቀን እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻዋ ቀን የት መሄድ እንደምንፈልግ በተጠየቅን ጊዜ ሁለት ቦታ ጠራን፤ የቅድስት አርሴማ መቃብር ያለበትን ቤተ ክርስቲያንና ቅዱስ ጎርጎርዮስ የተጣለበትን ጉድጓድ። እማማ ልጃቸው እየከለከላቸው «እኔም እሄዳለሁ» ብለው በትራቸውን አንሥተው ከመኪናው ፊተኛ ወንበር ተቀመጡ።

ከየሬቫን ወደ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ቫጋርሻፓት የምትባል ከተማ ትገኛለች፤ ሰዎች አዘውትረው በካቴድራሉ ስም ኤችሚያዚን ይሏታል። የስሙ ትርጓሜ «ወልድ ዋሕድ ወረደ» ማለት ነው። ይህን በሰማን ጊዜ በባዕድ አገር የገዛ ቤታችንን ቃል የሰማን ያህል ደስ አለን። በመንገድ ላይ ግን ፊደላቸው ተጫወተብን። የአርመን ፊደል በ405 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር በቅዱስ ሜስሮፕ ማሽቶትስ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ መልኮች ከእኛ ፊደል ጋር ስለሚመሳሰሉ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። እኛ በየማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ «ሀ» ያገኘን ሲመስለን ድምፁ «ስ» ሆኖ፣ «በ» ነው ያልነው «ቮ» ሆኖ እየተገኘ ወዳጃችንን ሲያስቀው ዋለ።

የቅድስት አርሴማን ታሪክ አንባብያን ከገድሏ ያውቁታል። ከዲዮቅልጥያኖስ ፊት ከደናግል ጓደኞቿ ጋር ሸሽታ ወደ አርመን መጣች፤ በዚያም ንጉሡ ድርጣድስ በውበቷ ተማርኮ ሊያገባት ቢፈልግ እምቢ በማለቷ ከነጓደኞቿ ተገደለች። እነርሱ ስሟን «ህሪፕሲሜ» ይላሉ። በእኛ አገር ብዙ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን በስሟ እንደሚጠሩ በዚያም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያኗን ካቶሊኮስ ኮሚታስ በ618 እ.ኤ.አ. አሠሩት። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ የቆመ መሆኑን ስናስብ ትልቅ ነገር የምናይ መስሎን ነበር፤ ይሁን እንጂ ከውጭ ሲያዩት መጠኑ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ውስጡ ነው። ሥዕል የለበትም፤ መጋረጃና ጌጡም ጥቂት ነው። ከጥርብ ድንጋይ ብቻ የተሠራው ግንብ ዐይንን ይዞ ወደ ላይ ወደ ጉልላቱ ያወጣዋል፤ ከጉልላቱ መስኮቶች የሚወርደውም ብርሃን በወለሉ ላይ ይንቀሳቀሳል።

ከደጃፉ ስንደርስ እንደ ልማዳችን ጫማችንን አወለቅን። አርመኖች ግን ከነጫማቸው ይገባሉ፤ ሻማ የምትሸጠው ሴት ቀና ብላ ባዶ እግራችንን አየች። ወዳጃችን አፍሮ ሊያስረዳን ሲጀምር እማማ ዝም ብለው ከግንቡ ተደግፈው አንዱን ጫማቸውን አወለቁ፤ ሁለተኛውን ለማውለቅ ጎንበስ ማለት ስላቃታቸው ልጃቸው ተንበርክኮ ረዳቸው። «አዲስ አበባ ሳለሁ ሞግዚቴ ወደ ጊዮርጊስ ስትወስደኝ ጫማዬን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዝልኝ ነበር» አሉን። ልጃቸው ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶ እንደማያውቅ ከፊቱ አስተዋልን።

መቃብሩ ከመሠዊያው በታች ነው። በጠባብ ደረጃ ጎንበስ ብሎ መውረድ ያስፈልጋል። በዚያች ዕለት በአገራችን በየአርሴማ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ እንደ አሸዋ ፈስሶ፣ ከበሮው እየተመታ፣ ታቦቷ ስትወጣ በዓይነ ኅሊናችን እናያለን፤ እነርሱ በዓሏን የሚያከብሩት በሌላ ወቅት ስለ ሆነ በመቃብሯ ዘንድ ያገኘናት አንዲት ቆማ የምትጸልይ ወጣት ሴት ብቻ ናት። ከቤታችን ይዘነው የመጣነውን ጧፍ ለማብራት ሻማ ሻጯን ብንለምናት፣ እርሷ ከምትሸጠው ጎን አስተካክላ አየችው፤ መልኩም ውፍረቱም አንድ ነው። አሽትታ ፈገግ አለችና ወደ አሸዋው ገበታ አመለከተችን።

ካቴድራሉን ከውጭ ተሳልመን ብቻ አለፍነው። የእነዚህ ሰዎች አባት የነበሩት ካቶሊኮስ ቫዝጌን ቀዳማዊ በጥር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ በተደረገ ጊዜ አዲስ አበባ ተገኝተው ነበር። እማማ በዚያን ጊዜ ልጃገረድ ሆነው በቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ አበባ ይዘው እንደ ተቀበሏቸው በመኪናው ውስጥ አጫወቱን። አበባውን የት እንደ ገዙት፣ ባለ ሱቁ ስንት ሽልንግ እንዳስከፈላቸው ሳይቀር ያስታውሳሉ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረን ወደ ኮር ቪራፕ ሄድን፤ ከየሬቫን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ «ጥልቅ ጉድጓድ» ማለት ነው። ሜዳው በወይን ተክል የተሸፈነ ሲሆን ገዳሙ ከትንሽ ኮረብታ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ከኋላው አራራት ሰማዩን ሞልቶታል። ከኮረብታው በታች ርግብ የሚሸጡ ሰዎች ቆመው፣ ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ ርግቧን ወደ ኖኅ ተራራ እንዲለቅ ይጋብዛሉ። ወዳጃችን እየሳቀ እንደ ነገረን ርግቦቹ የሠለጠኑ ስለ ሆኑ አመሻሽ ላይ ወደ ጌቶቻቸው ቤት ይመለሳሉ። ስለዚህ አልገዛንም።

እንደ አርመኖች ትውፊት ንጉሥ ድርጣድስ ቅዱስ ጎርጎርዮስን በዚህ ጉድጓድ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል አስሮታል፤ አንዲት ሴትም በስውር እንጀራ እየጣለች አቆየችው። ንጉሡ ሰማዕታቱን ካስገደለ በኋላ አእምሮውን አጥቶ እንደ እርያ በሆነ ጊዜ፣ የንጉሡ እኅት ራእይ አይታ ጎርጎርዮስ ከጉድጓዱ ወጣ፤ ጸልዮም ፈወሰው። በዚህም ንጉሡ አምኖ፣ በ301 እ.ኤ.አ. እንደሚባለው፣ ከነሕዝቡ ተጠመቀ። የአርሴማና የጎርጎርዮስ ታሪክ አንድ መሆኑን ከስንክሳር ብናነብም፣ መቃብሯንና ጉድጓዱን በአንድ ቀን ሳናይ በፊት እንዲህ የተያያዘ መስሎ አልታየንም ነበር።

ወደ ጉድጓዱ የሚወረደው በጸሎት ቤቱ ወለል ላይ ባለ ጠባብ ቀዳዳ፣ ቀጥ ብሎ በቆመ የብረት መሰላል ነው። ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ያህል ይሆናል። ስንወርድ ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ከታች ክብ ክፍል አለ፤ ግንቡ በሻማ ጢስ ጠቁሯል፣ አየሩም ከባድ ነው። እኛ የቆየነው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ትንፋሽ ያጠረን ስለ መሰለን ቶሎ ለመውጣት ተሽቀዳደምን። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሳለን ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን፤ ያሰብነውንም የተነጋገርነው ከወጣን በኋላ ነው። ዛሬ ሳንናገር ብንሄድ ዳግመኛ እንደማንናገር ገብቶን ነበር።

እማማ በገዳሙ አጥር ላይ ተቀምጠው ወደ አራራት ይመለከቱ ነበር። ከኮረብታው በታች የአራክስ ወንዝ የድንበሩን መስመር ይዞ ያልፋል፤ ተራራው ከወዲያ በቱርክ ግዛት ውስጥ ነው፤ ድንበሩም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝግ ነው። አርመኖች በገንዘባቸውና በማኅተማቸው ላይ የሣሉትን ተራራ እንዲሁ ከሩቅ ያዩታል። የእማማ አባት የተወለዱባት የቫን ከተማም ከዚያው ተራራ ወዲያ ናት፤ በ1915 እ.ኤ.አ. በኦቶማን መንግሥት ዘመን በአርመኖች ላይ የዘር ማጥፋት በተፈጸመ ጊዜ በዘጠኝ ዓመታቸው ከዚያ በእግር ሸሹ።

አጠገባቸው ተቀመጥን። ልጃቸው ምሳውን ለማምጣት ወደ መኪናው ወርዶ ነበር። እርሳቸውም ወደ እኛ ሳይዞሩ፣

«ልጆቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቃችሁ ሌላ ነገር ታወራላችሁ። ሌሊቱን ትሄዳላችሁ። ቤታችን አለ ወይስ የለም?» አሉን።

«የለም እማማ» አልናቸው። «አምና ፈርሷል። እርሱ ብቻ አይደለም፤ አካባቢው እንዳለ ተነሥቷል።»

«በረንዳውም?»

«በረንዳውም።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ኮኩስ?» አሉ። አባታቸው በቫን ጓሮ የነበረውን የአፕሪኮት ዛፍ አዲስ አበባ ቢፈልጉ አጥተው፣ የሚመስለው እርሱ ነው ብለው የተከሉት ኮክ ነው። እርሱም እንደሌለ ነገርናቸው። ይቆጡናል፣ ወይም ያለቅሳሉ ብለን ነበር። እርሳቸው ግን በበትራቸው መሬቱን እየጫሩ እንዲህ አሉን፦

«አባቴ እስኪሞቱ ድረስ 'ቫን ቤት ነበረን' ብለው አያውቁም። 'ቫን ቤት አለን' ነበር የሚሉት። እኛ መቃጠሉን እናውቃለን፤ እርሳቸውም ያውቃሉ። ማንም ግን አይናገርም። እኔም ለልጆቼ 'አዲስ አበባ ቤት አለን' እያልሁ ይኸው አረጀሁ።» ከዚያም ቀና ብለው «የአባቴ መቃብርስ?» አሉ።

«እርሱ አለ። በሐምሌ ሄደን አይተነዋል፤ ሣሩንም አሳጭደናል» አልናቸው። ይህ እውነት በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንን።

«ተመስገን» አሉ። ወዲያው ፀሐዩን አዩና «ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም? በሉ ጾማችሁን ግደፉ» ብለው ተነሡ።

ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን ያስታወሱት እርሳቸው ነበሩ። የምራታቸውን ሥጋ ትተው፣ ይዘንላቸው በሄድነው በርበሬ ምስር ወጥ ሠርተው በብርጭቆ ማሰሮ አስይዘዋል። ከወይኑ ሜዳ ዳር በዛፍ ጥላ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ወጡን በላቫሽ ቆርሰን በላን። ላቫሽ በመሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ የሚጋገር እንደ ጨርቅ የሳሳ ቂጣ ነው፤ እንደ እንጀራ ባይመጠጥም መጠቅለሉን ያውቅበታል። ወይራ፣ ለውዝና ያን ጊዜ የተቆረጠ ወይንም ነበረበት። እማማ ከሁላችንም አብልጠው በሉ፤ ወጡ ጨው እንዳነሰውም ተናገሩ።

ማታ ሲለያዩን በደጃፉ ቆመው ሁለታችንንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሳሙንና በመሐረብ የቋጠሩትን ገንዘብ ሰጡን። ለአባታቸው መቃብር ሻማ፣ የተረፈው ደግሞ ለቅድስት አርሴማ ነው። «ባላየውም እናንተ ታያላችሁ» አሉ። ፎቶግራፉ እንደ ተሰቀለ ነበር፤ ወደ እርሱ አልተመለከቱም፣ እኛም አልተመለከትንም።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የወሰደን ልጃቸው ነው። የከተማው መብራት ካለቀ በኋላ «ከኮረብታው ላይ እናቴን ምን አላችኋት? ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀን። ያልነውን ሁሉ ነገርነው። እርሱም ብዙ መንገድ ሳይናገር ነዳ። ከማረፊያው ደጅ መኪናውን ካቆመ በኋላ እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሣ፣

«እኔም ባለፈው መጋቢት ሰምቼ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ሰው የፈረሰውን ቦታ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ሥዕሉን ከማዕድ ቤት ላወርደው ሁለት ጊዜ ወንበር ላይ ወጥቼ ተመልሻለሁ» አለን። ቀጥሎም «አለቀሰች?» ብሎ ጠየቀን።

«አላለቀሱም። ስለ ኮኩ ጠየቁ» አልነው።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ወርዶ ሻንጣዎቻችንን አወረደልን።